ቾኩን ከማንሳትሽ በፊት

እህት ዓለም፣ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ካልኩለስ ልታስተምሪ መሆኑን ሰምቼ ደስ አለኝ። እስኪ ማስታወሻሽን ልየው። አየሽ፣ የመጀመሪያው ገጽ ትርጓሜ፣ ሁለተኛው ማረጋገጫ! ጣዪው አልልሽም፣ ወደ ኋላ ግፊው እንጂ።

በግድብ ጀምሪላቸው። ሰሌዳው ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሣዪና 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ አስደግፊበት። «በአንድ ሜትር ወርድ ላይ ውሃው በስንት ኃይል ይገፋል?» በያቸው። አንዱ ተነስቶ ግፊቱን በስፋቱ እናባዛ ይላል። «የቱን ግፊት? የላዩን ነው የታቹን?» በዪው። ላይ ዜሮ ነው፤ ታች በካሬ ሜትር 980 ሺህ ኒውተን ገደማ። ክፍሉ ጭጭ ሲል አንቺም ዝም በዪ የኔ ቆንጆ፣ እያሰቡ ነው። ከዚያ ግድግዳውን በስስ በስሱ አግድም ይከፋፍሉት፣ የእያንዳንዱን ኃይል አስልተው ይደምሩ። ኢንተግራል ማለት ይኸው ነው። 49 ሚሊዮን ኒውተን ያገኛሉ፤ የ5 ሺህ ቶን ክብደት ያህል። ቀጥለሽ ጥልቀቱን እጥፍ አድርጊው። ኃይሉም እጥፍ ይሆናል የሚል አይጠፋም፤ አራት እጥፍ መሆኑን ራሱ አስልቶ ይድረስበት፣ እንዳትነግሪው። ኤሌክትሪካል ለመማር ለሚያስቡት ደግሞ ሶኬት አለልሽ፦ 220 ቮልት የምንለው ጫፉ 311 ገደማ ይደርሳል። ለምን እንደሆነ የሳይን ስኩዌር ኢንተግራል ያሳያቸዋል።

«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እርሺው። በይሉኝታ አዎ ይሉሻል። ይልቅ አንድ አጭር ጥያቄ ስጪ፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ያስብ፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከር። ኤሪክ ማዙር ሃርቫርድ ላይ ፊዚክስን በዚህ መንገድ ማስተማር የጀመረው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. 225 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተናም፣ ሌክቸር ብቻ የሚያዳምጡ ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው በክፍል ውስጥ ከሚሳተፉት አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ክፍሉ ብዙ ተማሪ አለው አትበዪኝ፤ ጎን ለጎን ለመከራከር ብዛት አያግድም። በሚቀናቸው ቋንቋ ያውሩ፤ ከየክልሉ የመጡ ልጆች ናቸው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሲጽፉ ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻፉ።

እነሱ ሲከራከሩ ወንበርሽ ላይ እንዳትቀመጪ፣ ሆዴ። በየረድፉ ዙሪና ደብተራቸውን እዪ። የሚያደናቅፋቸው ብዙ ጊዜ ካልኩለሱ አይደለም፤ ክፍልፋይ መደመር ነው፣ ቅንፍ መፍታት ነው፣ የጠፋች የመቀነስ ምልክት ናት። አደራሽን «ይኼ የ9ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም እንዴ?» የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ! ያ ልጅ ሁለተኛ እጁን አያወጣልሽም። አሥር ደቂቃ ወስደሽ ለሁሉም ከልሺላቸው፣ የማንንም ስም ሳትጠሪ።

ፈተናውን ደግሞ እንዳስተማርሽው አውጪው። ግድግዳውን በትክክል ከፋፍሎ፣ ኢንተግራሉን ከነወሰኑ ጽፎ፣ መጨረሻ ላይ ማባዛቱን የተሳሳተ ልጅ ዜሮ አይገባውም፤ ለአሠራሩ ነጥብ ስጪ፣ አሃዱን ላልጻፈ ቀንሺ። የሚድ ወረቀታቸውንም ሳትቆዪ መልሺላቸው፤ የተሳሳቱትን ከፋይናል በፊት እንደገና ሠርተው ያምጡልሽ።