ከጅረት ድንጋይ ሥር፦ ሜይፍላይን እንዴት ለይተን እንሰይማለን?

ከደብረ ታቦር ብዙም የማይርቀው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈሱት የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋማ ጅረት ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጠን ብንመለከት ከምናገኛቸው ጥቃቅን ነፍሳት መካከል የሜይፍላይ እጮች ይገኙበታል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ፍጥረታት እንዴት እንደሚለዩና እንደሚመደቡ፣ እንዲሁም ስማቸውን በትክክል ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

ሜይፍላዮች ከመደብ ነፍሳት ኤፌመሮፕቴራ ለሚባለው ክፍለ መደብ የሚመደቡ ናቸው። ስያሜው ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን፣ የአንድ ቀን ዕድሜንና ክንፍን ያመለክታል። እጩ በውኃ ውስጥ አድጎ ክንፍ ካወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን ይቀይራል፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት ነፍሳት ሁሉ ይህን የሚያደርጉት ሜይፍላዮች ብቻ ናቸው። ጎልማሳው ምግብ አይበላም፤ ዕድሜውም ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ክፍለ መደቡን መለየት ነው። የሜይፍላይ እጭ ስንጥቦቹ በሆዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ አንድ ጥፍር ብቻ አለው። ጅራቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ሁለት ጅራት ያላቸው ሜይፍላዮችም ስላሉ ግን፣ ጅራት በመቁጠር ብቻ የሚወስን ተማሪ ስቶንፍላይ ከሚባሉት ነፍሳት ጋር ሊያምታታቸው ይችላል። የስቶንፍላይ እግር ሁለት ጥፍር ስላለው ጥርጣሬውን የሚያስወግደው ጥፍሩ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ አስተኔውን መለየት ነው። የቤቲዴ እጭ ሰውነቱ እንደ ትንሽ ዓሣ ሾጠጥ ያለ ሲሆን በፍጥነት ይዋኛል። የሄፕታጄኒዴ እጭ ጠፍጣፋ ነው፤ ዓይኖቹም ከራሱ በላይ ይገኛሉ። በሴኒዴ ደግሞ ሁለተኛው ጥንድ ስንጥብ ሰፍቶ ሌሎቹን እንደ ክዳን ይሸፍናል። እስከዚህ ድረስ አጉሊ መነፅር ሊበቃን ይችላል።

ዝርያውን ለመወሰን ግን የአፍ ክፍሎችን፣ እግሮችንና ስንጥቦችን በማይክሮስኮፕ መርምረን ቀድሞ ከታተመው የዝርያው ገለጻ ጋር ማነጻጸር ይኖርብናል። ስንጥቦቹ በቀላሉ ስለሚረግፉ ናሙናው በጥንቃቄ ተይዞ በአልኮል ይቀመጣል፤ የወንዙ ስም፣ ከፍታውና ቀኑም ይጻፍበታል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ስህተት ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1932 በደቡብ አፍሪካ የተሰየመው ቤቲስ ሃሪሶኒ ለረጅም ዘመን አንድ ዝርያ ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት ግን በዚህ አንድ ስም ሥር የተለያዩ የዘር ሐረጎች እንዳሉ አሳየ።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የውኃን ጤንነት የምንገምተው በውስጡ በሚኖሩት ነፍሳት ጭምር ነው። የሄፕታጄኒዴ አባላት በአብዛኛው ኦክስጂን የበዛበት ንጹሕ ውኃ ሲፈልጉ፣ ከቤቲዴ መካከል ግን ብክለትን የሚቋቋሙ አሉ። ስለዚህ «ሜይፍላይ ስላለ ወንዙ ንጹሕ ነው» ብሎ መደምደም ያሳስታል። ሄፕታጄኒዴ መገኘቱም ቢሆን ውኃው ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ነጻና ለመጠጥ የሚሆን መሆኑን አያረጋግጥም።

እንግዲህ ማስረጃችን የሚያደርሰን እስከ አስተኔ ብቻ ከሆነ፣ በመለያ ወረቀቱ ላይ አስተኔውን ጽፈን መቆም ይገባናል። በግምት ከተጻፈ የዝርያ ስም ይልቅ በትክክል የተጻፈ የአስተኔ ስም ለሳይንስም ለወንዙም ይጠቅማል።