ኮታ ሲሞላ፣ ሰው ሲጎድል

ውሳኔው

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ሲፈጅ ደርግ 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወስዶ ለማስፈር አቀደ። ሐሳቡ እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም፤ የሰሜኑ መሬት ተራቁቷል፤ በመተከል፣ በአሶሳ፣ በጋምቤላ፣ በኢሉባቦርና በከፋ ግን ዝናብ አለ። የጎደለው የሚሄደውንም የሚቀበለውንም ሰው መጠየቅ ነበር።

ትእዛዙ ወደ ታች ሲወርድ

ትእዛዙ ገበሬ ማኅበር ዘንድ ሲደርስ ኮታ ሆነ። መጀመሪያ ረሃብ የጠናበት ብዙ ሰው ወዶ ተመዘገበ። ፈቃደኛው ሲያንስ ግን ሹማምንት ኮታቸውን በአፈሳ ይሞሉ ጀመር። ገበያ የወጣ አባወራ ከዚያው ተይዞ መኪና ላይ ይጫናል፤ ሚስትና ልጆቹ ሳይሰናበቱት ይቀራሉ። ሹሙ የግድ ጨካኝ መሆን አላስፈለገውም። አለቃው የሚጠይቀው ስንት ሰው እንደላከ ነው፤ የተላከው ሰው ምን እንደሆነ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሸክሙን ማን ተሸከመ?

ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ 600,000 ያህል ሰው ተጓጓዘ። ደገኛው ገበሬ ወባ አገር ገባ። በቆላው ከብት በገንዲ በሽታ ስለሚያልቅ፣ በበሬ ማረስ የለመደው ሰው ዶማ መጨበጥ ወይም የመንግሥት ትራክተር መጠበቅ ግድ ሆነበት። ብዙዎች በበሽታ አለቁ። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ በመተከል ጉሙዞች እያፈራረቁ የሚያርሱትና የሚያድኑበት ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ።

ጆሮ ሲደፈን

የሰፈራውን አፈጻጸም በይፋ የተቃወመው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ክፉ ወሬ የሚያመጣውን የሚያባርር መሪ ወሬውን አያጠፋውም፤ የሚያርምበትን ጊዜ ግን ያጣል።

ከመፈረም በፊት

ማንኛውም ኃላፊ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ዕቅዱ ባይሳካ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ጉዳቱን ያየ ሰው ሳይፈራ የሚነግረኝ በምን መንገድ ነው? ከተሳሳትኩ መመለስ ይቻላል? መንገድ ፈርሶ ይሠራል፤ የተበተነ ቤተሰብና የሞተ ሰው ግን አይመለስም። ስለዚህ መመለሻ የሌለው ውሳኔ በጥቂቱ ተሞክሮ፣ ታይቶ ይስፋ።

ነገ የቀበሌ፣ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የምትሆኑ ተማሪዎች፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ውሳኔው የሚያርፍበትን ሰው አስጠርታችሁ አድምጡት።