መንገዱን የምታውቀው ወፍ

 

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ 19ኛው አንቀጽ ከበላያችን የሚበሩትን ወፎች እንድናስተውል ጋብዞናል። ዛሬ ግብዣውን ተቀብለን ስለ አንዲት ወፍ እንማማር። ወቅቱም የእርሷ ነው። የካቲት ሲገባ፣ በሰሜን ያለው ብርድ ረገብ ማለት ሲጀምር፣ አፍሪካ ከርመው የነበሩ ወፎች ወደ መራቢያቸው ይመለሳሉ።

ዐረቦች እርሷንና ዘመዶቿን አቡ ሚንጀል ይሏቸዋል፤ ባለ ማጭድ እንደማለት ነው። ምንቃሯ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ላባዋ ጥቁር ሲሆን ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴና ሐምራዊ ሆኖ ያብለጨልጫል። ራሷ ግን ቀይ መላጣ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው ገደል ላይ ነው።

በቱርክ፣ በፉራት ወንዝ ዳር፣ ቢሬጂክ የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ ሰዎች የዚህችን ወፍ መመለስ በየዓመቱ በበዓል ይቀበሉ ነበር። ሑጃጆችን እየመራች መካ ታደርሳለች ብለውም ይተርኩ ነበር። ይህ የሕዝብ ትውፊት እንጂ ሐዲስ አይደለም፤ ከዲን አንቆጥረውም። ቢሆንም ለወፏ የነበራቸው አክብሮት ለረጅም ዘመን ጠብቋታል። በኋላ ግን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) ለተባይ መከላከያ የተረጨው ዲዲቲ ፈጃት። በ1989 ከስደት የተመለሱት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት አንድ።

ከሶሪያም ጠፍታለች ተብሎ ነበር። በ2002 ግን ተድሙር (ፓልሚራ) አካባቢ ባለው በረሃ ጥቂት ወፎች ተገኙ። ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ የሚያውቅ አልነበረም። በ2006 ሦስቱ ላይ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ ታሰረ። ስማቸውም ሱልጣን፣ ሰላምና ዘኖቢያ ተባለ። ወፎቹ በምዕራብ ሳዑዲ አድርገው፣ የመንን አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የት አረፉ መሰላችሁ? እዚሁ እኛ አገር፣ በኢትዮጵያ ደጋ! ሱብሓነላህ! ሲመለሱ ደግሞ በኤርትራና በሱዳን በኩል ሄዱ።

አሁን ልብ በሉ። ይህች ወፍ ስትወለድ ክንፍ አላት። ወቅቱ ሲደርስ የመጓዝ ፍላጎትም ከውስጧ ይነሳል። መንገዱን ግን ይዛ አትወለድም። ጫጩቷ መንገዱን የምትማረው ትልልቆቹን ተከትላ አብራ በመብረር ነው። አዋቂዎቹ በአደንና በኤሌክትሪክ ገመድ አንድ በአንድ ሲያልቁ በ2015 መንገዱን የምታውቀው ዘኖቢያ ብቻ ቀርታ ነበር። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ተድሙር ደረሰ። ጠባቂዎቹ ሸሹ፤ ዘኖቢያም የት እንደደረሰች ጠፋ። ለማይቆጠር ዘመን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ መንገድ በአንዲት ወፍ ራስ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እርሷ ስትጠፋ መንገዱም አብሮ ጠፋ።

የጠፋን መንገድ መመለስ ምን ያህል ከባድ መሰላችሁ? በአውሮፓ ጫጩቶችን በእጃቸው ያሳደጉ ሰዎች በትንሽ አውሮፕላን ፊት ፊት እየበረሩ ከአልፕስ ተራሮች ማዶ እስከ ጣሊያን ይመሯቸው ጀመር። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ፣ በ2011፣ አንዲት ወፍ ያለ ሰው መሪ ወደ ጀርመን ተመለሰች። በቢሬጂክ ደግሞ ሰዎች የሚያረቧቸው ወፎች ዛሬም አሉ። የስደት ወቅት ሲደርስ ግን ሄደው እንዳይቀሩ ተይዘው አጥር ውስጥ ይከርማሉ። ክንፍ አላቸው፤ የሚመራቸው የለም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የእኛስ ነገር ከዚህ በምን ይለያል? ልጆቻችን በፊጥራ ይወለዳሉ፤ ልባቸው ጌታቸውን ይፈልጋል። ዉዱእና ሶላት፣ የቁርኣን አነባብ፣ የሐላልና የሐራም ዕውቀት ግን አብሯቸው አይወለድም። ይህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አማና ነው። ዒልም ከምድር የሚነሳው ከሰዎች ልብ ተነጥቆ ሳይሆን በዑለማዎች ሞት መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ይህን የምጽፈው ከጥፋቴ ተምሬ ነው። በልጅነቴ ያስቀሩኝ አንድ ሸይኽ ነበሩ። የጀመርኩት ኪታብ ሳያልቅ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በደወልኩላቸው ቁጥር «መቼ ነው መጥተህ የምትጨርሰው?» ይሉኝ ነበር። «ኢንሻአላህ፣ ስመረቅ» እላለሁ። ስመረቅ ሥራ መጣ። በመጨረሻ የደረስኩት ለጀናዛቸው ነው። ኪታቡ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፏቸው ምልክቶች አሉ፤ ምን ለማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የለም። አላህ ይዘንላቸው።

ስለዚህ ከዛሬ ጁሙዓ ጀምሮ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ በሰፈራችን ካሉ ሸይኾችና አዛውንቶች አንዱን እንዘይር። ስንሄድ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ፤ ስልካችንንም እናጥፋ።

ሁለተኛ፣ ጀምረን የተውነው ኪታብ ወይም ሱራ ካለ፣ አስተማሪያችን በሕይወት ሳሉ እንመለስ። በዕድሜያችን አንፈር።

ሦስተኛ፣ የምናውቀውን፣ ፋቲሐ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ለአንድ ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብለን እናስተምር። ቪዲዮ ከፍተን መስጠት ይረዳል፤ ልጁ ግን የሚከተለው ፊት ፊቱ የሚሄደውን ሰው ነው።

ያ አላህ፣ መንገድህን ያሳዩንን መሻይኾቻችንን ማራቸው፤ በሕይወት ያሉትን ዕድሜያቸውን አርዝምልን። እኛንም ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ትውልድ አድርገን። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍና ሰለዋት እንዳይረሳ።