እናቲቱን ከነልጆቿ
ስለ እምቦጭ ነቀላ በራቤል የተደረገ ምልልስ

አዛውንቱ የራቤል ተወላጅ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን ጣና ሐይቅ ዙሪያ በዓሣ ሀብት ባለሙያነት አሳልፈው በጡረታ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የእህታቸው ልጅ በዕፀዋት ሳይንስ ተመርቃ ጣና ዳር ባለው ፎገራ ወረዳ ተመድባለች፤ ከመሄዷ በፊት ልትጠይቃቸው መጣች።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ገብስና የጓሳ ሣር ነው። ሐይቅ ዳር ኖሬ አላውቅም። እምቦጭ የሚሉትን የውኃ አረም በምን ልለየው?

አዛውንቱ፦ ብዙ ሰው በአበባው ነው የሚለየው። ሐምራዊ ነው፤ ከስድስቱ የአበባ ቅጠሎች በላይኛው ላይ ቢጫ ነጥብ አለበት። አንቺ ግን አበባ እስኪያወጣ አትጠብቂ። ቅጠሉ ክብና አብረቅራቂ ነው። ቅጠሉን የተሸከመው አገዳ ወገቡ ላይ ያብጣል፤ ብትሰብሪው ውስጡ አየር የሞላበት ሰፍነግ ነው። የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ከሥሩ እጅሽን ብትሰጂ ጠቆር ያለ ጠጉራም ሥር ታገኛለሽ።

ወጣቷ፦ አገዳው ያላበጠ ከሆነስ?

አዛውንቱ፦ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አገዳው የሚያብጠው ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ወይም ከመንጋው ጠርዝ ላይ ሲሆን ነው። ሲጨናነቅ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ቀጭንና ረጅም ይሆናል፤ እብጠቱም ይጠፋል። ከዘር ገና ጭቃ ላይ የበቀለው ደግሞ ቅጠሉ ጠባብ ስለሆነ ሣር ይመስላል። ስለዚህ በአንድ ምልክት አትፍረጂ። ደንገልና ፊላን ደግሞ አደራ! እነሱ ጭቃው ውስጥ ሥር ሰደው ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ የሐይቁ የራሱ ልጆች ናቸው። ዓሣ ይጠለልባቸዋል፤ ታንኳውም ከደንገል ነው የሚሠራው። በዘመቻ ግርግር አብረው ሲታጨዱ ማየት ያንገበግበኛል።

ወጣቷ፦ ከየት ነው የመጣብን?

አዛውንቱ፦ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። አበባው አምሮ ስለታየ ለኩሬ ማስጌጫ እየተባለ ከአገር አገር ዞረ። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ታየ። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ። ከዚያ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ተንሰራፋ።

ወጣቷ፦ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ ሲነቅለው በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ታዲያ ለምን አያልቅም?

አዛውንቱ፦ በሁለት መንገድ ስለሚራባ ነው። አንደኛው፣ እናቲቱ ውኃው ላይ አግድም ቀንበጥ ትዘረጋለች፤ ጫፉ ላይ ልጅ ትወጣለች፤ ልጂቱም ሌላ ትዘረጋለች። ቀንበጡን ብትበጥሺው ልጂቱ አትሞትም፤ ነፋስ ወስዶ ሌላ ቦታ ይተክላታል። ሲመቸው ይህ አረም በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ዘሩ ነው። አበባው ሲጠወልግ አገዳው ወደ ውኃው ይጎነበስና ዘሩን ያራግፋል። ዘሩ ይሰጥምና ጭቃ ውስጥ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ሐይቁ ሸሽቶ ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል። ዛሬ ያጸዳሽው ዳርቻ በሚቀጥለው ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ብታገኚው እንዳትደነግጪ፤ ያኔ የምትዋጊው የድሮውን ዘር ነው።

ወጣቷ፦ ነቀላው እንዴት ይሁን?

አዛውንቱ፦ ከጠርዝ ጀምሪ፤ አበባ ሳያወጣ። ማጭድ አታስነኪው፤ እናቲቱን ከነልጆቿ፣ ከነሥሯ አንሺ። የተበጣጠሰውን የሚለቅም ሰው ከኋላ ይከተል፤ ይህ ሥራ የሚናቅ ስለሚመስል ማንም አይፈልገውም፣ ሆኖም ዋናው እሱ ነው። ከዚያ ክምሩን ከዳርቻው አርቂው። እምቦጭ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ስለሆነ ሸክሙ ያደክማል፤ ሰዉም እዚያው ዳር ጥሎት ይሄዳል። ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ሞልቶ ያንኑ መልሶ ይወስደዋል። ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ይሰጣ፤ ሲደርቅ ይቃጠል። ዘር የያዘውን ለኮምፖስት ብለሽ ማሳ ላይ እንዳትበትኚው። ነቃዮቹንም ቦቲና ጓንት ሳይኖራቸው ውኃ ውስጥ አታስገቢ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ወጣቷ፦ በማሽን ቢነሣስ?

አዛውንቱ፦ ቆርጦ የሚሰበስብ ከሆነ በጥልቁ ውኃ ላይ ይረዳል። ቆርጦ የሚተው ከሆነ ግን እየዘራልሽ ነው። ዳርቻው ጭቃና ጥልቀት የሌለው ስለሆነም ማሽን ብዙ ቦታ አይደርስም።

ወጣቷ፦ ይገርማል! ዱባይ ያለው ወንድሜ ስለ ጨው ውኃ ዓሣ ገንዳው ያጫወተኝ ይህንኑ ነው። አይፕታሲያ የሚሉት ትንሽ ቡናማ አኔሞን ከድንጋይ ጋር ተደብቆ ገባበት። በቢላ ሲፍቀው በዛ።

አዛውንቱ፦ የሁለቱ ባሕርይ አንድ ነው። ያ ደግሞ እንስሳ ነው፤ ስትነኪው ስንጥቁ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ከእግሩ ቁራጭ ድንጋዩ ላይ ከቀረ እንደገና ሙሉ ሆኖ ይነሣል። አዋቂዎቹ አይፍቁትም። የገንዳውን ሞተር አቁመው፣ የኖራ ሊጥ በመርፌ አልባ ስሪንጅ አፉ ላይ ይጨምሩበታል፤ ሲውጠው እዚያው ይሞታል። ወይም የሚበላውን ያስገባሉ፤ በርጊያ የምትባል ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ከአይፕታሲያ በቀር ሌላ ምግብ የላትም። ወንድምሽ ቢያንስ ድንጋዩን ገንዳ ውስጥ ሳይከት ለብቻው አቆይቶ ቢያየው ኖሮ ከዚህ ሁሉ በዳነ ነበር።

ወጣቷ፦ ለእምቦጭስ እንዲህ ያለ በላተኛ አለው?

አዛውንቱ፦ አለው። ኒዮኬቲና የምትባል የነቀዝ ወገን ጢንዚዛ ከአገሩ ከደቡብ አሜሪካ ተገኝታለች። ቅጠሉን ትግጣለች፤ እጯ አገዳውን ይቦረቡራል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ለቀቀቻት፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ አረሙ እጅግ ቀነሰ። ግን ታጋሽ መሆን ይጠይቃል፤ ዓመታት ይፈጃል። አረሙም ኋላ በኬንያ በኩል ተመልሶ ታይቷል። ጣና ላይ ፀረ አረም ኬሚካል ቢረጭ ፈጥኖ ይገድላል፤ ሆኖም ሰዉ ያንኑ ውኃ ይጠጣል፣ ዓሣውንም ይበላል። የሞተው አረም ሰጥሞ ሲበሰብስም የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዘሮች አሉ። እኔ ለኬሚካሉ አልፈርምም።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ዞሮ ዞሮ የሰው እጅ ነው።

አዛውንቱ፦ እጅ ብቻ ሳይሆን ባለቤት ነው። የጓሳን የሣር መሬት አስቢ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ያቆየው ለዓመታት እየዘጋ፣ አለቃ እየመረጠ፣ አጥፊውን እየቀጣ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም ተጎዳ፤ ኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ ጥበቃውን መለሰው። ጣና ላይ የጎደለው ይህ ይመስለኛል። ዘመቻው በአሥር ሺዎች ይመጣል፤ በሳምንቱ ይሄዳል። እምቦጭ ግን በሁለት ሳምንት ይተካል። ለእያንዳንዷ የዳርቻ ቁራጭ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃት፣ ለድካሙም የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋታል።

ወጣቷ፦ እንደ ደረስኩ ታዲያ ምን ልሥራ?

አዛውንቱ፦ ቢሮ አትቀመጪ። ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር በታንኳ ውጪ፤ ነፋሱ በየትኛው ወር አረሙን ወዴት እንደሚገፋ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የርብና የጉማራ ወንዞች ሐይቁ ውስጥ የሚገቡበትን ቦታ እይ፤ ከማሳው የታጠበው ማዳበሪያ የሚደርሰው እዚያ ስለሆነ እምቦጩ ይወፍራል። ከጥቅምት በኋላ ውኃው ሲሸሽ የትኛው ጭቃ ላይ ችግኝ እንደ ወጣ በየሳምንቱ ጻፊ። በጣትሽ የሚነቀለው ያኔ ነው።