ዓይንን የሚያዞሩ ነርቮች በዓሣና በሰው

አንባቢ ሆይ፤ ይህን መጽሔት በእጅህ ይዘህ ራስህን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈጠን አድርገህ ነቅንቅ፤ ፊደሉን ሳትቸገር ታነባለህ። አሁን ደግሞ ራስህን አጽንተህ መጽሔቱን በዚያው ፍጥነት ብትነቀንቅ ፊደሉ ይደበዝዝብሃል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

በውስጠኛው ጆሮ 3 ቅስት መሰል ቦዮች አሉ። ራስ ሲዞር በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ ወሬውም በነርቭ ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል። በዚያ ያሉት የነርቭ ሴሎች ዓይንን ወደ ተቃራኒው ወገን ያዞሩታል። እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱት 6 ጡንቻዎች ሲሆኑ የሚያዝዟቸው 3 ነርቮች ናቸው። ይህ ሥርዓት በዓሣም በጥንቸልም በድመትም በሰውም ዘንድ በመሠረቱ አንድ ነው።

ጠፍጣፋው ዓሣ ግን እንግዳ ጠባይ አለው። ሲፈለፈል እንደ ሌላው ዓሣ በየጎኑ አንዳንድ ዓይን አለው፤ ሲያድግ አንደኛው ዓይን ወደ ሌላው ጎን ይሻገርና ዓሣው በጎኑ ተኝቶ ይኖራል። የውስጥ ጆሮው ግን በቀድሞ ቦታው ይቀራል። እንግዲህ የቀድሞው ትእዛዝ ቢቀጥል ኖሮ ዓይኖቹ በተሳሳተ አቅጣጫ በዞሩ ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ግራፍና ቤከር የተባሉ ሊቃውንት ምስጢሩን ገለጡ። በሌሎች እንስሳት ከአግድሙ ቦይ ወሬ የሚቀበሉት ሴሎች ክራቸውን የሚዘረጉት ዓይንን ወደ ጎን ወደሚያዞሩት አዛዦች ነው፤ በጠፍጣፋው ዓሣ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ወደሚያንቀሳቅሱት ዘርግተው ተገኙ። ጡንቻዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የመልእክቱ መንገድ ነው።

ስለዚህ ተፈጥሮን የሚመረምር ተማሪ አንዱን እንስሳ ብቻ ማየት አይበቃውም፤ ከሌላው ጋር ሲያስተያይ ነው የአሠራሩ ምስጢር የሚገለጥለት።