ስሕተትን የሚሸፍን ምሳሌ፦ የኬሚካዊ ሚዛን ቋሚ ስሌት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

የኬሚካዊ ሚዛን ቋሚን ማስላት በኢትዮጵያ የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ከሚሰጡ ትምህርቶች አንዱ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ለትምህርቱ ማስተዋወቂያ በተደጋጋሚ የሚቀርበውን የሃይድሮጅን አዮዳይድ ምሳሌ በስሌት ይመረምራል። የሞል ብዛትን ከክምችት ጋር የሚያምታታ ተማሪም በዚህ ምሳሌ ትክክለኛ መልስ ስለሚያገኝ፣ ስሕተቱ ከመምህሩም ከተማሪውም ይሰወራል። በመሆኑም ጽሑፉ የዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ምሳሌ አብሮ እንዲቀርብ ሐሳብ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኬሚካዊ ሚዛን፣ የሚዛን ቋሚ፣ ክምችት፣ የኬሚስትሪ ማስተማር

1. መግቢያ

ኖርዌያውያኑ ጉልድበርግና ቮገ እ.ኤ.አ. በ1864 መሠረቱን በጣሉት ሕግ መሠረት፣ ተመላላሽ የሆነ ኬሚካዊ ለውጥ ሚዛን ላይ ሲደርስ የውጤቶቹ ክምችት ለመነሻ ንጥረ ነገሮቹ ክምችት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በአንድ የሙቀት መጠን አይለወጥም። እያንዳንዱ ክምችት በተስተካከለው እኩልታ ላይ ከንጥረ ነገሩ ፊት በሚቆመው ቁጥር ልክ አርቢ ይይዛል። ክምችት፣ በክፍል ቋንቋ ኮንሰንትሬሽን፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሞል ብዛት ነው። ተማሪው ይህን ቀመር በቃሉ ሊያጠና ይችላል፤ ጥያቄው ወደ ቀመሩ የሚያስገባው ቁጥር ምን እንደሆነ ማወቁ ነው።

2. የሃይድሮጅን አዮዳይድ ምሳሌ

አንድ ሞል ሃይድሮጅን ከአንድ ሞል አዮዲን ጋር ሁለት ሞል ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይሰጣል። 2 ሊትር በሚይዝ ዝግ ዕቃ ውስጥ ከሁለቱ መነሻ ጋዞች 1 ሞል፣ 1 ሞል ገብቶ በ430 ዲግሪ ሴልሺየስ ሚዛን ላይ ሲደረስ፣ ስሌቱ እንደሚከተለው ይሆናል።

መነሻ፦ ሃይድሮጅን 1.000፣ አዮዲን 1.000፣ ሃይድሮጅን አዮዳይድ 0 ሞል
ለውጥ፦ ሃይድሮጅን −0.786፣ አዮዲን −0.786፣ ሃይድሮጅን አዮዳይድ +1.572 ሞል
ሚዛን፦ ሃይድሮጅን 0.214፣ አዮዲን 0.214፣ ሃይድሮጅን አዮዳይድ 1.572 ሞል

ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ለ2 ሊትር ማካፈል ነው፦ 0.786² ÷ (0.107 × 0.107) = 54። ማካፈሉን የዘነጋ ተማሪ ደግሞ እንዲህ ይጽፋል፦ 1.572² ÷ (0.214 × 0.214) = 54። መልሱ አንድ ነው። በእኩልታው ግራና ቀኝ የጋዞቹ ሞል ብዛት እኩል፣ ሁለት ለሁለት፣ ስለሆነ የዕቃው ይዘት ከላዕልና ከታህት ይጣፋል።

ይህ ማለት ግን ምሳሌው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከሃይድሮጅን አዮዳይድ ፊት ያለውን 2 ዘንግቶ ለውጡን +0.786 ሞል ያደረገ ተማሪ 13.5 ያገኛል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታያል። ምሳሌው የሞል ምጣኔን በሚገባ ይፈትናል፤ የክምችትን ምንነት ግን አይፈትንም።

3. የዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ምሳሌ

አንድ ሞል ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ሲከፈል ሁለት ሞል ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የዚህ ለውጥ የሚዛን ቋሚ 0.0046 ያህል ነው። 0.100 ሞል ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ በ2 ሊትር ዕቃ ውስጥ ሚዛን ላይ ሲደርስ 0.0859 ሞል ይቀራል፤ 0.0282 ሞል ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም ይገኛል።

በክምችት፦ 0.0141² ÷ 0.0430 = 0.0046
በሞል ብዛት፦ 0.0282² ÷ 0.0859 = 0.0093

እዚህ ላይ ሁለቱ መንገዶች ተለያይተዋል፤ የተሳሳተው መልስ የትክክለኛው እጥፍ ሆኗል። ያው 0.100 ሞል በ1 ሊትር ዕቃ ውስጥ ቢሆን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ 0.0204 ሞል ይሆናል፤ በሞል ብዛት የተሰላውም ውጤት 0.0046 ይመጣል። በሞል ብዛት የሚያሰላ ተማሪ እንግዲህ ዕቃው በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ «ቋሚ» ይዞ ይቀራል። የ1 ሊትር ዕቃም ራሱ ስሕተቱን እንደሚሸፍን ልብ ይሏል።

4. ውይይትና ምክረ ሐሳብ

የስሕተቱ ጉዳት ከአንድ ጥያቄ ያልፋል። ዕቃው ከ1 ወደ 2 ሊትር ሲሰፋ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከ0.0204 ወደ 0.0282 ሞል ከፍ ያለው ቋሚው ስላልተለወጠ ነው፤ ክምችቶቹ ሲቀንሱ ለውጡ ቋሚውን እስኪያሟላ ድረስ ወደ ውጤቱ ያመራል። ይህን ያልጨበጠ ተማሪ የለ ሻተልዬን መርሕ በቃል ከመያዝ ሌላ አማራጭ የለውም። የመጨረሻ መልስን ብቻ የሚያይ የምርጫ ጥያቄም፣ በሃይድሮጅን አዮዳይድ ላይ ከተመሠረተ፣ ላልተረዳው ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ሃይድሮጅን አዮዳይድ በመጀመሪያ ምሳሌነቱ ይቀጥል፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ የጋዝ ሞል ብዛቱ የማይተካከል ምሳሌ ወዲያው ይከተለው። ሁለተኛ፣ በመልመጃዎች ውስጥ የዕቃው ይዘት ከ1 ሊትር የተለየ ይሁን። ሦስተኛ፣ ተማሪው የመነሻ፣ የለውጥና የሚዛን ሠንጠረዡን ከነመለኪያው እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ ነጥብም ለሠንጠረዡ ይሰጠው። ሦስቱም ተጨማሪ መሣሪያም ሆነ ቤተ ሙከራ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት መምህሩ ቁጥሮቹን ሲመርጥ የትኛውን ስሕተት እንደሚያጋልጡ አስቀድሞ እንዲያሰላ ብቻ ነው።