የሊኑክስን ከርነል ከምንጭ ኮድ ማጠናቀር

ኮምፒውተር ሲበራ በማያ ገጹ ላይ የምናያቸው መስኮቶች፣ ምስሎችና ጽሑፎች ሁሉ ከበስተጀርባቸው በሚሠራ አንድ ፕሮግራም ላይ የተደገፉ ናቸው። ይህ ፕሮግራም ከርነል ይባላል፤ የሥርዓተ ክወናው አስኳል ማለት ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀም የሚወስነው፣ ማኅደረ ትውስታን የሚያከፋፍለው፣ ከሃርድ ዲስክ፣ ከቁልፍ ሰሌዳና ከኔትወርክ ካርድ ጋር የሚነጋገረው እርሱ ነው።

አብዛኛው ተጠቃሚ ከርነልን ተዘጋጅቶ እንደመጣለት ይጠቀማል። የዊንዶውስ ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ በዚያ በኩል ሌላ ምርጫ የለም። ሊኑክስ ግን ከዚህ ይለያል። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን ቅጂ ሲያወጣ ኮዱ 10,000 መስመር ያህል ነበር። በ1992 ማንም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በሚፈቅደው የጂ.ፒ.ኤል. ፈቃድ ሥር አደረገው። ዛሬ ኮዱ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። ይሁንና ከግማሽ የሚበልጠው ድራይቨር፣ ማለትም ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን የሚያንቀሳቅስ ኮድ ስለሆነ፣ አንድ የግል ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ነው። የራስን ከርነል የማጠናቀር ሥራ የሚጀምረውም ይህን ጥቂት ከብዙው ከመለየት ነው።

ሦስቱ መልሶች

ኮዱን ከወረደበት ጥቅል ካወጣን በኋላ «ሜክ ሜኑኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ ረጅም የምርጫ ዝርዝር ያቀርብልናል። የምርጫዎቹ ብዛት ከ10,000 በላይ ነው። ለብዙዎቹ ጥያቄዎች መልሱ ከሦስት አንዱ ይሆናል። «ዋይ» ካልን ክፍሉ ከከርነሉ ጋር ተዋሕዶ ይሠራል። «ኤን» ካልን ከነጭራሹ ይቀራል። «ኤም» ካልን ደግሞ ሞጁል ይሆናል፤ ይኸውም ለብቻው በዲስክ ላይ ተቀምጦ ባስፈለገ ጊዜ ብቻ ወደ ማኅደረ ትውስታ የሚጫን ቁራጭ ነው።

ይህን ሁሉ ጥያቄ አንድ በአንድ መመለስ አድካሚ ነው፤ ለጀማሪም አይመከርም። «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የተባለው ትእዛዝ በዚያች ቅጽበት የተጫኑትን ሞጁሎች አይቶ ሌሎቹን ስለሚያስቀር ሥራውን እጅግ ያቀልላል። ነገር ግን ትእዛዙ ያላየውን አያውቅም። ፍላሽ ዲስኩ፣ ማተሚያውና የድምፅ ማዳመጫው በዚያን ሰዓት ካልተሰኩ ድራይቨሮቻቸው ይቀራሉ፤ በማግሥቱ ፍላሽ ሲሰካ አዲሱ ከርነል አላውቀውም ይላል። ስለዚህ አስቀድሞ መሣሪያዎቹን ሁሉ መሰካት ይገባል።

ምርጫዎቻችን በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይመዘገባሉ። በዚሁ አጋጣሚ ለከርነሉ የራሱን ቅጥያ ስም መስጠት ጥሩ ነው። ሞጁሎች በከርነሉ የቅጂ ስም በተሰየመ ማውጫ ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ ስሙ ከነባሩ ጋር አንድ ከሆነ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል።

ማጠናቀሩ

«ሜክ» ስንል አጠናቃሪው እያንዳንዱን የምንጭ ፋይል ለየብቻው ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣል፤ በመጨረሻም አገናኙ ፕሮግራም ቁርጥራጮቹን አንድ ያደርጋቸዋል። ፕሮሰሰሩ ብዙ ኮሮች ካሉት ሥራውን ማከፋፈል ይቻላል። እንደ ማሽኑ አቅምና እንደ ምርጫችን ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ ብዙ ሰዓታት ይፈጃል። በዚህ መሃል መብራት ቢጠፋ ሁሉም ነገር ከንቱ አይሆንም። «ሜክ» የፋይሎቹን ሰዓት እያነጻጸረ ያልተጠናቀቀውን ብቻ ይቀጥላል። አንዳንዴ ግን መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ይጻፍ የነበረው ፋይል ባዶውን ይቀርና አገናኙ ስህተት ያሳያል፤ ያን ጊዜ የተጠቀሰውን ፋይል አጥፍቶ ትእዛዙን መድገም ነው። እስከዚህ ድረስ የአስተዳዳሪ ሥልጣን አያስፈልግም። ሥልጣኑ የሚያስፈልገው ሞጁሎቹንና ከርነሉን ወደ ቦታቸው ለመትከል ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ሞጁሎቹ፣ ቀጥሎ ከርነሉ ነው። ምክንያቱ ከዚህ በታች ግልጽ ይሆናል።

ሳጥኑ ውስጥ የተቆለፈ ቁልፍ

ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚጥለው እንቅፋት የሚገጥመው ኮምፒውተሩ ዳግመኛ ሲነሳ ነው። ከርነሉ መነሳት ይጀምርና ዋናውን የፋይል ሥርዓት መክፈት እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት ጽፎ ቀጥ ይላል። ይህ ሁኔታ ከርነል ፓኒክ ይባላል።

የዲስኩ ድራይቨር ሞጁል ሆኖ ተመረጠ እንበል። ሞጁሉ የሚገኘው በዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨሩ ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማግኘት ደግሞ ዲስኩን ማንበብ ያስፈልጋል። ቁልፍን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ሳጥኑን እንደ መቆለፍ ነው። ታዲያ ከርነሉ ራሱ ከዚያው ዲስክ እንዴት ተነበበ? ከርነሉን የሚያስነሳው ግራብ የተባለው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን የሚያነበው በሊኑክስ ድራይቨር ሳይሆን በእናት ሰሌዳው ላይ ባለው ባዮስ ወይም ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. አማካይነት ነው። ከርነሉ ሥራውን ከተረከበ በኋላ ግን በራሱ ድራይቨር መቆም አለበት።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ የዲስክ መቆጣጠሪያውን ድራይቨርና የፋይል ሥርዓቱን «ዋይ» ብሎ ከከርነሉ ጋር ማዋሐድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሌላው ብቻውን አይጠቅምም። ሁለተኛው ኢኒትራምፋስ ይባላል፤ አስፈላጊዎቹን ሞጁሎች የያዘ ትንሽ ጥቅል ሲሆን ግራብ ከከርነሉ ጋር አብሮ ማኅደረ ትውስታ ላይ ያስቀምጠዋል። ጥቅሉ የሚዘጋጀው ቀደም ብለው ከተተከሉት ሞጁሎች ስለሆነ ነው ሞጁሎቹ መቅደም ያለባቸው። ዴቢያንንና ኡቡንቱን በመሳሰሉ ሥርጭቶች ይህ ጥቅል በተከላው ጊዜ በራሱ ይዘጋጃል።

አሮጌው ከርነል ካልጠፋ አደጋው ቀላል ነው፤ ከግራብ ዝርዝር እርሱን መርጦ ማስነሳትና ምርጫውን ማረም ይቻላል። ሴኪዩር ቡት የበራባቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ ፊርማ የሌለውን ከርነል ጨርሶ አይቀበሉም። በእነርሱ ላይ ከርነሉን በራስ ቁልፍ መፈረም ወይም ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ግድ ይላል።

ይህ ሁሉ ድካም ኮምፒውተሩን ያፈጥነዋል ብሎ የሚጀምር ሰው ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ በዛሬ ማሽኖች ላይ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ አይደለም። የማኅደረ ትውስታ አቅማቸው አነስተኛ በሆኑ አሮጌ ኮምፒውተሮችና በመሣሪያዎች ውስጥ በሚገጠሙ ጥቃቅን ኮምፒውተሮች ላይ ግን ጥቅሙ እውነተኛ ነው። በአንጻሩ የጸጥታ ክፍተት ሲገኝ ማስተካከያውን የሚያቀርቡት የሥርጭቱ አዘጋጆች የእኛን ከርነል አያውቁትም፤ አዲሱን ኮድ አምጥቶ እንደገና ማጠናቀር የባለቤቱ ሥራ ይሆናል። የተሳካ ተከላን ለማረጋገጥ «ዩኔም» የሚለውን ትእዛዝ ከ«አር» ምልክቱ ጋር መጻፍ በቂ ነው፤ በመልሱ ውስጥ ለከርነሉ የሰጠነው ቅጥያ ስም ይታያል።